የኋላ ወንበር ቀበቶ

ሚስከር ጅዳ ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ስትኖር መኪና ላይ ከኋላ ወንበር በቀር ሌላ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም። መኪናውን የሚነዳው ደግሞ የገዛ ባሏ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ፣ ሳቅ ቀረጥ የለበትም። ናስር ሩዋይስ ሰፈር አንድ ቤት ሾፌር፣ እሷም እዚያው ቤት ሠራተኛ ሆነው ነው የኖሩት። ማዳሟ ገበያ ስትወጣ ሚስከር ልጆቹን ይዛ ከኋላ፣ ናስር መሪውን ይዞ ከፊት። ቀን ቀን ባልና ሚስት የሚተያዩት በመስታወት ነበር። ቅንድቡ ከተሰበሰበ «ከፊሉ»፣ አሠሪው ማለት ነው፣ ተቆጥቶታል፤ ዐይኑ ከቀላ እንቅልፍ አጥቶ አድሯል፤ ጠቀስ ካደረጋት ደግሞ ማዳሟ ያላየችውን ነገር አይቷል ማለት ነው። እሷም በዚያች ቁራጭ መስታወት የባሏን ሆድ ማንበብ ለመደች።

«አብሽሪ፣» ይላት ነበር ብቻቸውን ሲሆኑ፣ «አንድ ቀን የራሳችንን እንገዛለን። ያኔ ፊት ነው የምትቀመጪው።»

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና የመኪናው ነገር የጀመረው በካሴት ነው። እነሱ ጅዳ በገቡበት ዘመን አገራቸው ሐርቡ ላይ ስልክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ሰው የሆዱን በካሴት ቀድቶ አገር ለሚገባ ሰው ይሰጣል፤ ካሴቱም ከጨርቅና ከሽቶ ጋር ተጠቅልሎ ይሄዳል። ናስር የመጀመሪያውን ካሴት የቀዳው ጣሪያ ላይ ባለችው ክፍላቸው ሆኖ ነው። ከጀርባው የልብስ ማጠቢያው ማሽን ይጮኻል። «እማ፣» አለ፣ «አላህ ካለ ለዑምራ አስመጣሻለሁ። ከአየር ማረፊያ ተቀብዬ በገዛ መኪናዬ መካ አስገባሻለሁ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እናቱ እመት ከድጃ ያንን ካሴት ክሩ እስኪሳሳ አዳመጡት፤ ጎረቤት አስደመጡበት፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አወሩት። ከጅዳ የመጣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ሳያወርድ «የናስር መኪና የት ደረሰች?» ይባላል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺ ያልተገዛች መኪና ሐርቡ ውስጥ ተወራላት።

በ2002 ዓ.ም. ክረምት የእመት ከድጃ የዑምራ ቪዛ ወጣ። ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን ከጉዞ ጓዶቻቸው ጋር ጅዳ ያርፋሉ ተባለ። ናስር የጉዞውን ወኪል ለምኖ እናቱን ከአየር ማረፊያው ራሱ እንዲወስዳቸው ተፈቀደለት። ከፊሉ ደግ ሰው ነበር፤ መኪና ለመግዛት የሚያስፈልገውን ወረቀት ፈርሞ ሰጠውና፣ «ካልደረሰልህ የእኔን ውሰድ፤ እናትህ እናቴ ናት» አለው። ናስር እጁን ስሞ አመሰገነው። ሚስከር ዘንድ ሲመጣ ግን፣ «በገዛ መኪናዬ ነው ያልኳት። በከፊሌ መኪና አላልኩም» አለ። እሷም ነገሩ የኩራት እንዳልሆነ ገባት። ሰውዬው አሥራ ሦስት ዓመት በባዕድ ቤት የኖረበትን ለእናቱ የሚያሳይበት ሌላ ነገር አልነበረውም።

መኪና መፈለግ ተጀመረ። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚነሳ የጅዳ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ጋሽ ገብረ ኪዳን ዘንድ ነበር። ጋሽ ገብረ ኪዳን የኮምቦልቻ ሰው፣ ጋራዦች በሚበዙበት ሰፈር ሃያ ዓመት የሠራ መካኒክ ነው። አመሉ መራራ፣ ሙያው ንጹሕ። መኪና ሲያይ መጀመሪያ መዳፉን ሞተሩ ክዳን ላይ ያሳርፋል፤ ሞቆ ካገኘው «ቀድመው ያሞቁት የሚደብቁት ስላለ ነው» ብሎ ይሄዳል። ቀዝቅዞ ካገኘው ያስነሳል፤ ዘይቱን በጣቱ አሽቶ ያያል፤ ጭሱን ያያል፤ እየነዳ መሪውን ለቀቅ አድርጎ ወዴት እንደምትጎትት ያያል። አንዷን ቆጣሪዋ ሃያ ሺህ የሚል መኪና የፍሬኗን ፔዳል ብቻ አይቶ ጣላት። ላስቲኩ እንደ ሽማግሌ ጥርስ አልቆ ነበር። «ሃያ ሺህ በዚህ እግር?» አለና ደላላውን ሳይሰናበት ወጣ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ወር አለፈ፤ የእመት ከድጃ መምጫ ዘጠኝ ቀን ቀረው።

በአንድ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ሦስቱም የመኪናው ሐራጅ ወረዱ። ሴት እዚያ ቦታ አትታይም፤ ሚስከር የሄደችው ከዚያ አልፈው ለአማቷ ፍራሽና አንሶላ ሊገዙ ስለነበር ነው። ጫጫታው ጆሮ ይበጥሳል። ሐራጅ ባዩ በማይክሮፎን «ሱከር ፊ ሞያ፣ ሱከር ፊ ሞያ» ይላል። ውሃ ውስጥ የገባ ስኳር ነው የምሸጥላችሁ፣ ገዝታችሁ ስታበቁ ሟሟብን ብላችሁ እንዳትመጡ ማለቱ ነው። እዚያ ገበያ ሕጉ ይኸው ነበር፤ ዐይንህን ከፍተህ ግዛ፣ ከገዛህ በኋላ አፍህን ዝጋ።

ነጯ መኪና ከሐራጁ አጥር ጎን ካሉት መሸጫዎች በአንዱ ቆማለች። ጃፓን ሠራሽ፣ አራት በር፣ ጭረት የሌላት። ጋሽ ገብረ ኪዳን መዳፉን አሳረፈ፤ ቀዝቃዛ ናት። ዘይቷ ንጹሕ፣ ጭሷ የለም። ደላላውን ትክ ብሎ አየና «ጎርፍ ነክቷታል?» አለው። ደላላው በአላህ ስም ማለ። «የሪያድ መኪና ናት። የጅዳን ጎርፍ በቴሌቪዥን ነው ያየችው» አለ። መሐላውን ተቀብለው ሊሞክሯት ወጡ፤ ናስር መሪው ላይ፣ ጋሽ ገብረ ኪዳን ከጎኑ፣ ሚስከር እንደ ልማዷ ከኋላ።

መኪናዋ ውስጥ የዑድ ሽቶ ሽታ አፍ ያዘጋል። ናስር ደስ አለው፤ ጋሽ ገብረ ኪዳን ደግሞ ሃያ ዓመት ቤንዚን የጠገበ አፍንጫው ምንም አይነግረውም። ሚስከር ግን ከዑዱ ሥር ሌላ ነገር ሸተታት። ያንን ሽታ የት እንደምታውቀው ለማስታወስ አልተቸገረችም። በዚያው ዓመት ኅዳር፣ በአረፋ ዋዜማ፣ ጎርፍ የከተማውን ምሥራቅ ጠርጎት ነበር። የማዳሟ እህት ቤት እዚያ ነበርና ሚስከር ሦስት ሳምንት ሙሉ በውሰት ተሰጥታ ምንጣፍ ስታጥብ ከረመች። በሳሙና አጠበች፣ በኮምጣጤ አጠበች፣ ፀሐይ ላይ ሰጣች፤ ጭቃው ይለቃል፣ ሽታው አይለቅም። መካኒክ ብረት ያውቃል፤ እሷ ጨርቅ ታውቃለች። ጨርቅ ደግሞ መማል አይችልም።

እጇን ቀስ ብላ ወንበሩ ሥር ሰደደች። ምንጣፉ አዲስ ነው። የወንበሩ ሐዲድ ውስጥ ግን ጣቷ ደረቅ፣ የላመ ደለል ነካ። ከዚያ ከጎኗ ያለውን ቀበቶ ይዛ መሳብ ጀመረች። አንድ ክንድ ያህሉ ታጥቦ ንጹሕ ነው። ሳበችው፣ አሁንም ሳበችው፤ ከመጠቅለያው ሆድ ውስጥ የወጣው ጫፉ ቡናማ ነበር፤ ውሃው የደረሰበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሐላው በዚያ ቀበቶ ላይ አለቀ። ሚስከር ቀበቶውን ለቀቀችው፤ ቀስ ብሎ ተጠቅልሎ ገባ።

የመካ መንገድ ላይ ሙስሊም ያልሆነ ሰው የማያልፍበት መገንጠያ አለ። ጋሽ ገብረ ኪዳን እዚያ ሲደርስ ሁሌም አንድ ነገር ይል ነበርና ያን ቀንም አላት። «እስከዚህ እኔ አለሁ፤ ከዚህ በኋላ አላህ አለላችሁ።» ናስር ሊያዞር ዳር ያዘና ቆመ። ሚስከር ልትናገር አፏን ከፈተች።

በዚያችው ቅጽበት ናስር ስልኩን አነሳ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው። «እማ፣ የት ሆኜ እንደምደውልልሽ ታውቂያለሽ? መኪናዬ ውስጥ ነኝ።» ከስልኩ እልልታ መጣ። መጀመሪያ የእመት ከድጃ፣ ቀጥሎ የአንድ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የደጁ ሁሉ። ናስር መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ይስቃል፤ እንባው ይወርዳል። ሚስከር በተጋቡ በአሥራ አምስት ዓመታቸው እንዲህ ሲሆን አይታው አታውቅም።

ጋሽ ገብረ ኪዳን ወደ ኋላ ዞረ። «እኔ የማየውን አይቻለሁ፣ ሞተሯ ደህና ናት። አንቺስ እህቴ፣ ምን ትያለሽ?»

«መብሩክ» አለች።

ያቺን የእንኳን ደስ አለህ ቃል በኋላ ስንት ሌሊት እንደረገመቻት እሷና ጌታዋ ያውቃሉ። ብትናገር መኪናዋ ትመለሳለች፣ እናቱም በሰው መኪና ይገባሉ፤ ዝም ብትል ደግሞ ያቺ መኪና አንድ ቀን እንደምትሟሟ ታውቃለች። ሁለቱን መዘነችና የባሏ ሳቅ ከበዳት።

ሌላው ጣጣ የመጣው መኪናዋ በተገዛች በማግሥቱ ነው። እመት ከድጃ አውሮፕላን ላይ ወደ መካ የሚገባበትን ኢሕራም ስለሚያስሩ ሽቶ የነካው ነገር ሊጠጋቸው አይገባም። ስለዚህ ዑዱ ከመኪናዋ መውጣት አለበት፣ የሚያወጣውም ማን ነው? ሚስከር። ሁለት ቀን ሙሉ ፈተገችው። ዑዱ በለቀቀ ቁጥር የጭቃው ሽታ ብድግ እያለ መጣ። ደላላው የሸፈነውን በገዛ እጇ ገለጠችው። አሁንስ ናስር ይደርስበታል ብላ ዐይን ዐይኑን አየች። እሱ ገብቶ ተቀመጠ፣ አየሩን ሳብ አደረገ፣ «የሙከየፉ ማጣሪያ ነው፤ ቆሽሾ ነው» አለና ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ወረደ። የዋህነቱ አንጀቷን በላው።

ቀኑ ደረሰ። እመት ከድጃ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ የጉዞውን መታወቂያ አንጠልጥለው ከበሩ ወጡ። አንሰው ነበር። ናስር ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸው ግን በትከሻው ላይ አሻግረው የሚያዩት ሌላ ነበር። «የታለች?» አሉ። አሳያቸው። አንድ ጊዜ ዞሯት፣ በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጓትና ፊት ገቡ። ሚስከር ከኋላ ገባች። ፊት ትቀመጫለሽ የተባለችው ነገር ትዝ አላትና ለራሷ ሳቀች።

ከከተማ ሳይወጡ እመት ከድጃ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ መኪናህ ቦርከና ቦርከና ትላለች» አሉ። «ወንዙ ነሐሴ ላይ ሞልቶ ሲወርድ፣ ዳር ዳሩን ሲለቀው እንደሚሸተው። እኔ እኮ አገር ለቅቄ እንዴት እሆናለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ቤቴን ይዘህልኝ መጣህ።» እስከ መንገዱ እኩሌታ ስለ ቦርከና አወሩ። ናስር በልጅነቱ እንዴት ሊወሰድ እንደነበረ፣ በእግሩ ጎትተው እንዴት እንዳወጡት፣ ያን ዓመት ጤፉ እንዴት እንደጠፋ። ናስር ይስቃል። ሚስከር ዐይኗ የመኪናዋ ሰሌዳ ላይ ነው፤ አንዲት ቀይ መብራት በርታ ጠፋች፣ ደግማ በርታ ጠፋች። ቁርአን የቀራችውን ያህል ሁሉ በሆዷ ቀራች።

መገንጠያው ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው ይመጣ የነበረ ሰማያዊ ፒክአፕ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፍቶ ወደ ቀኝ ተገነጠለ። የጋሽ ገብረ ኪዳን ፒክአፕ ነው። «የት እየሄደ ነው?» አለች ሚስከር። «ጣኢፍ በኩል ሥራ ይኖረው ይሆናል» አለ ናስር።

ፀሐይ ስትገባ መካ መግቢያ መብራት ላይ ቆሙ። ልጆች ለጾመኛ ተምርና ውሃ በየመኪናው መስኮት ያድላሉ። እመት ከድጃ እጃቸውን ዘረጉ፣ መስኮቱ አልወርድ አለ። ናስር ቁልፉን ቢጫነው ቢጫነው እምቢ። እሱ ግን ምንም እንዳልሆነ በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ዞሮ ተምሩን ተቀበለ፣ በገዛ እጁ አጎረሳቸው። መኪናዋም ሳትጠፋ ጠበቀችው። መንሱር ሰፈር፣ የጉዞው ማረፊያ በር ድረስ አደረሰቻቸው። እመት ከድጃ ሲወርዱ፣ «አሁን ብሞት አይቆጨኝም» አሉ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሊመልሷቸው ሲመጡ መኪናዋ እዚያው መንሱር፣ በሩ ላይ ሞተች። መጀመሪያ ጡሩንባዋ በራሱ ጮኸ፤ ከዚያ ሁሉም መብራት አንድ ላይ ጠፋ። ናስር ክዳኑን ከፍቶ ቆመ። እመት ከድጃ ቅር አላላቸውም። «ተዋት ልጄ። አምጥታኛለች፣ ትረፍ» ብለው ከጓዶቻቸው ጋር አውቶቡስ ገቡ። መኪናዋ ብረት ለሚለቅሙት ተሸጠች፣ ናስርም ሌላ አልገዛም። ተነዳችና አለቀች። ሚስከር አንድ ጊዜ «አዝናለሁ» ስትለው «ምን አድርገሽ?» አለና ወደ ሥራው ሄደ። እሷም ለሁለተኛ ጊዜ አፏን መክፈት አቃታት።

እመት ከድጃ ሐርቡ ገብተው ሦስት ዓመት ያንን መንገድ ሲያወሩ ኖሩ። ልጃቸውን ዳግም ሳያዩት አረፉ። ናስርና ሚስከር በዓመቱ፣ ያ ሁሉ ሐበሻ ጓዙን ጠቅልሎ ሲመለስ አብረው ተመለሱና ኮምቦልቻ ቤት ተከራዩ። ናስር የሰው አይሱዙ ነዳ፤ እሷ የልብስ ሱቅ ከፈተች። ማታ ማታ ጅዳን ሲያነሱ የሚያነሱት አንድ መንገድ ነው፤ መስኮቱን፣ ተምሩን፣ ቦርከናን። ያ ባይኖር ናስር እናቱን የሚያስታውስበት ምን ነበረው ትላለች፣ ከዚያ ደግሞ ያቺ «መብሩክ» ታቃጥላታለች።

አሥር ዓመት እንዲህ አለፈና የራሳቸውን መኪና የሚገዙበት ቀን መጣ። ሻጩ ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና አቁሟል። ሚስከር ዘንድሮ ዝም አልልም ብላ ቆርጣ ነበር የሄደችው። ሻጩ ሞተሩን ሊያሳይ ክዳኑን ሲያነሳ ናስር ግን ወደ ፊት አልሄደም። የኋላውን በር ከፍቶ ገባ፣ ቀበቶውን ያዘ፣ እስከ ጫፉ ሳበው። አየው፣ አሸተተው፣ ለቀቀው።

ሚስከር እዚያው ደርቃ ቀረች። ያንን ነገር ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለጋሽ ገብረ ኪዳንም፣ ለእሱም።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«አንቺ።»

«መቼ?»

«መገንጠያው ጋ ሳንደርስ። በመስታወት አየሁሽ።» ከመኪናው ሳይወርድ፣ እንደዚያ ዘመን እሷ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀምጦ ነው የሚያወራት። «ቀበቶውን ስትስቢ አየሁ፤ ጫፉንም አየሁት። አፍሽን ልትከፍቺ ስትይ ለእማ ደወልኩ። ብትናገሪ ኖሮ አልገዛትም ነበር ሚስከር። እንዳትናገሪ ነው የደወልኩት። አንድ መንገድ ብቻ ትሂድልኝ ብዬ ነው። ጋሽ ገብረ ኪዳንም ኋላ ስነግረው ቢቆጣኝ ቢረግመኝ፣ መንገድ ላይ ብትቆምብኝ ብሎ እስከ መገንጠያው ከኋላ ተከተለኝ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። አሥራ አራት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው አንዱ ለሌላው ሲደብቅ ኖሯል፤ ያውም የተደበቀው ያው አንድ ነገር። ሚስከር መጀመሪያ ተናደደች። «አሥራ አራት ዓመት እኔ ነኝ ያከሰርኩህ እያልኩ ስቃጠል እያየህ?» አለችው።

«መቃጠልሽን አላወቅኩም፤ ቤታችን ውስጥ መስታወቱ የለም እኮ። ዝም ያልሽልኝ ለእናቴ ብለሽ መሰለኝ። እኔ እስከ ዛሬ ሳመሰግንሽ ነው የኖርኩት፤ በአፌ ግን አልወጣልኝም።»

ሻጩ ከፊት ሆኖ «ሞተሩን አታዩትም እንዴ?» ይላል። የሰማው የለም። ሚስከር በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

«ቀበቶው እንዴት ነው?» አለች።

«ንጹሕ ነው።»

ናስር ወርዶ ወደ መሪው ዞረ። ሚስከር እንደ ልማዷ እሱ የወጣበትን የኋላ በር ይዛ ልትገባ ስትል፣ እሱ ከውስጥ ተንጠራርቶ የፊቱን በር ከፈተላት።

«የት ነው የምትሄጂው?» አለ። «ፊት ነው ያልኩሽ።»